ፖል ላዛርስፌልድ፤ ሬዲዮን ሊመዝን ተነስቶ ጎረቤትን ያገኘው ሰው

እ.ኤ.አ. በ1940 በግንቦት ወር፣ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የኤሪ ወረዳ ነዋሪዎች በራቸው ሲንኳኳ ከፍተው ያገኙት ሻጭ አልነበረም። መጠይቅና እርሳስ የያዙ ሰዎች ነበሩ። የመጡትም ስለ መጪው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሊጠይቁ ነው። ለየትኛው ፓርቲ ድምፅ ሊሰጡ አስበዋል? የትኛውን ጋዜጣ ያነባሉ? በሬዲዮ ምን ሰሙ? ነዋሪዎቹ መልሳቸውን ሰጥተው ሸኟቸው። በወሩ ግን ጠያቂዎቹ ተመልሰው መጡ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። 600 ሰዎች እስከ ኅዳሩ ምርጫ ድረስ በየወሩ ሲጠየቁ ከረሙ።

ከዚህ ሁሉ መመላለስ ጀርባ የነበረው ሰው እንግሊዝኛን በከባድ የጀርመንኛ ቅላጼ የሚናገር፣ ከቪየና የመጣ የሒሳብ ሰው ነው። ፖል ላዛርስፌልድ ይባላል። ሊያውቅ የፈለገው ጉዳይ በዘመኑ መልሱ የታወቀ ይመስል ነበር። ሬዲዮና ጋዜጣ የሰውን ሐሳብ እንዴት ይቀይራሉ? የሚል ነው። ያገኘው መልስ ግን እሱንም ያላሰበው ቦታ ወሰደው። ዛሬ የብዙኃን መገናኛ ንድፈ ሐሳብና የጥናት ዘዴ በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ የዚህ ሰው ስም ሳይነሣ የሚያልፍበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚነሣው ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲሆን፣ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጀርባ ያለው ሕይወት አብዛኛውን ጊዜ ይዘለላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሶሻሊስቶች ቤት ልጅ

ላዛርስፌልድ የተወለደው በየካቲት 1901 በቪየና ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። አባቱ ሮበርት ጠበቃ ነበር። እናቱ ሶፊ ደግሞ የሥነ ልቦና ሊቁ የአልፍሬድ አድለር ተከታይና ደራሲ ነበረች። ቤታቸው የኦስትሪያ ሶሻሊስቶች የሚሰበሰቡበት ቤት ነበር። ከቤተሰቡ ወዳጆች አንዱ፣ የሶሻሊስቶቹ አንጋፋ መሪ የቪክቶር አድለር ልጅ ፍሬድሪክ አድለር፣ በ1916 የአገሪቱን ጠቅላይ ሚኒስትር ካርል ፎን ሽቱርክን በሽጉጥ ገደለ። ያን ጊዜ ላዛርስፌልድ የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ፍሬድሪክ አድለር ፖለቲከኛ ብቻ ሳይሆን የፊዚክስና የሒሳብ ምሁርም ስለነበር፣ ወጣቱ ወደ ሒሳብ እንዲያዘነብል ገፋፍቶታል።

በ1925 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ዶክትሬቱን አገኘ። የመመረቂያ ጽሑፉ የአንስታይንን የስበት ንድፈ ሐሳብ ከፕላኔቷ ሜርኩሪ እንቅስቃሴ ጋር የሚያገናኝ ነበር። ከዚያም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ እያስተማረ፣ ጎን ለጎን ካርልና ሻርሎተ ቢዩለር የተባሉ ባልና ሚስት ምሁራን በሚመሩት የሥነ ልቦና ተቋም የስታቲስቲክስ ሥራ መሥራት ጀመረ።

በተቋሙ ጥላ ሥር አንድ አነስተኛ የጥናት ማዕከልም አቋቋመ። ማዕከሉ የሚተዳደረው ከነጋዴዎች በሚያገኘው ገንዘብ ነበር። ሰዎች ይህን ሳሙና ትተው ያንን ለምን ይገዛሉ? ቡናና ቸኮሌት ሲመርጡ ምን አይተው ነው? ኩባንያዎቹ መልሱን ይፈልጋሉ፣ ማዕከሉ ያጠናል፣ ክፍያውን ይቀበላል። ሶሻሊስት ነኝ የሚል ሰው የሳሙና ነጋዴ አማካሪ መሆኑ ግራ ያጋባል። ላዛርስፌልድ ግን ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛ፣ ከንግዱ የሚገኘው ገንዘብ ማንም የማይከፍልባቸውን ማኅበራዊ ጥናቶች ለማካሄድ ያስችለዋል። ሁለተኛ፣ ሳሙና መግዛትም ሆነ ለሶሻሊስት ፓርቲ ድምፅ መስጠት፣ በጥናት ዘዴ ዓይን ሲታዩ ሁለቱም የሰው ልጅ ውሳኔዎች ናቸው። አንዱን ማጥናት የቻለ ሌላውንም ማጥናት ይችላል። ይህ አመለካከት ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖሯል፤ ዕድሜ ልኩንም አስወቅሶታል።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ ማዕከሉ ለኦስትሪያ ሬዲዮ ጣቢያ የአድማጮች ጥናት አካሄደ። ከ100 ሺህ በላይ ስለሚሆኑ አድማጮች ምርጫ መረጃ ተሰበሰበ። የትኛው ፕሮግራም ይብዛ? የትኛው ይቀነስ? በምን ሰዓት ይቅረብ? ላዛርስፌልድ ከሬዲዮ ጋር የተዋወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሥራ ያጣችው መንደር

ከቪየና ብዙም ሳትርቅ ማሪየንታል የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዎቿ የሚተዳደሩት በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ ፋብሪካው ተዘጋና መንደሩ በሙሉ ሥራ አጥ ሆነ። ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በመጀመሪያ ያሰቡት ሠራተኞች ትርፍ ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ ማጥናት ነበር። የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኦቶ ባወር ግን ሕዝብ ሥራ ባጣበት ዘመን ስለ መዝናኛ ማጥናት ተገቢ አለመሆኑን ነግሯቸው፣ ሥራ አጥነትን እንዲያጠኑ መከራቸው።

የላዛርስፌልድ የመጀመሪያ ባለቤት ማሪ ያሆዳ፣ ሐንስ ዛይዝልና ሌሎችም ወደ መንደሯ ሄዱ። 478ቱንም ቤተሰቦች መዘገቡ። ቆሞ ተመልካች ላለመሆን ልብስ አሰባስበው አደሉ፣ ሐኪም አመጡ፣ የስፌት ትምህርት ከፈቱ። በመስኮት በኩል ተቀምጠው በዋናው መንገድ የሚያልፈው ሰው በምን ፍጥነት እንደሚራመድ በሰዓት ለኩ። ወንዶቹ ከሴቶቹ ይልቅ ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ደጋግመውም ይቆማሉ። ሴቶቹ ፋብሪካው ቢዘጋም ቤት ውስጥ ሥራ አላቸው፤ ወንዶቹ ግን የሚቸኩሉበት ጉዳይ አጥተዋል።

ለብዙኃን መገናኛ ተማሪ ትልቁ ትምህርት ያለው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ሥራ የፈታ ሰው ጊዜ ስለሚተርፈው ብዙ ያነባል ተብሎ ይገመታል። በማሪየንታል የሆነው ተቃራኒው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የውሰት ክፍያውን ቢያስቀርም የሚዋሱት መጻሕፍት ቁጥር ወደ ግማሽ ወረደ። የፓርቲው ጋዜጣ ለሥራ አጦች ዋጋውን ቢቀንስም ከግማሽ በላይ ደንበኞቹን አጣ፤ መዝናኛ የሚበዛበት ጋዜጣ ደንበኞች ግን ያን ያህል አልሸሹም። የሶሻሊስቶቹ ተስፋ ችግር ሕዝቡን ያነሣሣዋል የሚል ነበር። ያሆዳና ባልደረቦቿ ያገኙት ግን ተስፋ የቆረጠ፣ የደከመና ዝም ያለ ሕዝብ ነው።

ውጤቱ በ1933 በመጽሐፍ ወጣ። በዚያው ዓመት ሒትለር በጀርመን ሥልጣን ያዘ፤ የመጀመሪያው እትም ሽፋንም የአዘጋጆቹን ስም ሳይዝ ታተመ። ዛሬ ይህ መጽሐፍ ቁጥርን ከዓይን ምስክርነት ጋር ያዋሐደ ድንቅ የምርምር ሥራ ተብሎ በብዙ አገሮች ይነበባል።

ስደተኛው ተመራማሪ

ላዛርስፌልድ በ1933 መጸው በሮክፌለር ፋውንዴሽን የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በየካቲት 1934 በኦስትሪያ የእርስ በርስ ውጊያ ፈነዳ። የሶሻሊስት ፓርቲው ታገደ፣ መሪዎቹ ታሰሩ ወይም ተሰደዱ። አይሁዳዊም ሶሻሊስትም ለሆነ ሰው ቪየና ተመልሶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሥራት የማይታሰብ ሆነ። በዚህም ምክንያት አሜሪካ ቀረ። በ1936 ደግሞ ቪየና የቀረችው ያሆዳ በኅቡዕ እንቅስቃሴዋ ታሰረች፤ ከተፈታች በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሰደደች።

ሕይወት በአሜሪካ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በኒው ጀርሲ ኒውአርክ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ የጥናት ማዕከል ከፈተ። ማዕከሉ የአንድ ሰው ሥራ መስሎ እንዳይታይ ሲል አንዳንድ ጽሑፎቹን ኤልያስ ስሚዝ በሚል የብዕር ስም ያወጣ ነበር። ዕጣው የተቀየረው በ1937 ነው። ሮክፌለር ፋውንዴሽን ሬዲዮ በአሜሪካውያን ሕይወት ውስጥ ያለውን ቦታ ለማስጠናት በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ስም 67 ሺህ ዶላር መደበና ላዛርስፌልድን ዳይሬክተር አደረገው። ከእሱ ጋር የሥነ ልቦና ምሁሩ ሐድሊ ካንትሪልና የሲቢኤስ ሬዲዮ ጣቢያ የጥናት ሰው ፍራንክ ስታንተን ተመደቡ። ስታንተን ኋላ የሲቢኤስ ፕሬዚዳንት የሆነው ነው።

ዘመኑ የሬዲዮ ፍርሃት የነገሠበት ነበር። የጎብልስ ፕሮፓጋንዳ ጀርመንን ሲያናውጥ የተመለከቱ ምሁራን፣ መልእክት እንደ መርፌ ወደ አድማጩ ደም የሚገባ፣ አድማጩም የተወጋውን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል መሰላቸው። በጥቅምት 1938 ኦርሰን ዌልስ ከማርስ የመጡ ፍጡራን ምድርን ሲወሩ የሚያሳይ ድራማ በሬዲዮ አቅርቦ ብዙዎች እውነት መስሏቸው ሲደነግጡ፣ ይህ ፍርሃት ማረጋገጫ ያገኘ መሰለ። ካንትሪል፣ ሔርታ ሔርዞግና ሔዘል ጎዴት ጉዳዩን ሲያጠኑ ግን ሥዕሉ ሌላ ሆነ። ድራማውን የሰማ ሁሉ አልደነገጠም። ሌላ ጣቢያ ከፍቶ ያጣራ አለ፤ የጋዜጣ ፕሮግራም ያየ አለ፤ ልብ ወለድነቱ ገብቶት የሳቀም አለ። ያ ሽብር ራሱ በጊዜው ጋዜጦች የተጋነነ እንደነበር ደግሞ በቅርብ ዓመታት የታሪክ ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

በዚሁ ጊዜ ላዛርስፌልድና ስታንተን አንድ መሣሪያ ሠሩ። አድማጮች ተሰብስበው ፕሮግራም ይሰማሉ፤ ደስ ሲላቸው አረንጓዴ፣ ሲከፋቸው ቀይ ቁልፍ ይጫናሉ። መሣሪያው እያንዳንዷን ደቂቃ ይመዘግባል። ለሬዲዮ ጣቢያዎቹ ወርቅ የሆነ ሥራ ነው። ሁሉንም ግን አላስደሰተም። የፕሮጀክቱን የሙዚቃ ክፍል እንዲመራ በ1938 የተቀጠረው ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ፣ ባህል በቁልፍና በቁጥር ሊለካ አይችልም ብሎ ተሟገተ። አድማጩ የወደደውን ከመቁጠር በፊት፣ ያንን እንዲወድ ያደረገው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት ባይ ነበር። ሁለቱ አልተግባቡም፤ የሙዚቃው ጥናት ገንዘብ ተቋረጠ። ላዛርስፌልድ ግን ክርክሩን አልጣለውም። በ1941 ባወጣው ጽሑፍ ለባለ ጉዳዩ ድርጅት ጥያቄ መልስ የሚሰጠውን አስተዳደራዊ ጥናት፣ የድርጅቱን ራሱን ሚና ከሚመረምረው ሒሳዊ ጥናት ለይቶ አስቀመጠና ሁለቱ እንዲደጋገፉ ጠየቀ። ዛሬም መስኩ የሚከፈለው በዚሁ መስመር ነው።

የኤሪ ወረዳ ምሥጢር

ወደ ኤሪ ወረዳ እንመለስ። በ1940 ምርጫ ፍራንክሊን ሩዝቬልትና ዌንዴል ዊልኪ ተወዳደሩ። የላዛርስፌልድ ቡድን በመጀመሪያ ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን አነጋገረና ከእነሱ መካከል 600ዎቹን በየወሩ ሊከታተል መረጠ። ይህ ዘዴ ፓናል ይባላል። የተለመደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት በአንድ ቀን የተነሣ ፎቶግራፍ ነው፤ ግንቦት ላይ 100 ሰው፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሌላ 100 ሰው ቢጠየቅ ድምሩ ተለወጠ አልተለወጠ ይታወቃል እንጂ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። ያንኑ ሰው ደጋግሞ የጠየቀ ግን ሐሳብ ሲለወጥ እጅ ከፍንጅ ይይዘዋል። በየወሩ መጠየቁ ራሱ ሰዎቹን እንዳይለውጣቸው በመስጋትም፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዳግም የሚጠየቁ ሌሎች የማነጻጸሪያ ቡድኖች ተዘጋጅተው ነበር።

ውጤቱ በ1944 ከበርናርድ ቤረልሰንና ከሔዘል ጎዴት ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ወጣ። በዘመቻው ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው የተሻገሩት 8 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ከግማሽ በላይ ለሆኑት ዘመቻው ያደረገላቸው ነገር ቀድሞ የያዙትን አቋም ማጠንከር ነበር። ሰዎች ሬዲዮ ሲከፍቱም ጋዜጣ ሲገልጡም የሚፈልጉት የራሳቸውን ወገን ነው። ዘመቻውን በብዛት የሚከታተሉትም ቀድመው የወሰኑት ናቸው፤ ያልወሰኑት፣ ማለትም ዘመቻው ሊያገኛቸው የሚደክምላቸው፣ ከሁሉ ያነሰ ይከታተላሉ። አንድ ሰው ለማን እንደሚመርጥ ለመገመት ከሚያዳምጠው ጣቢያ ይልቅ ሃይማኖቱ፣ የኑሮ ደረጃውና ገጠር ወይም ከተማ መኖሩ የተሻለ ምልክት ሆኑ።

ታዲያ ሐሳባቸውን የለወጡት በማን ተለወጡ? መልሱ ተመራማሪዎቹ ዋና ጉዳያችን ብለው ካላዘጋጁት ጥያቄ ውስጥ ብቅ አለ። ሰዎቹ ደጋግመው የጠሩት የሥራ ባልደረባን፣ የቤተሰብ አባልን፣ ጎረቤትን ነው። በየሰፈሩና በየሥራ ቦታው ከሌላው በበለጠ ሬዲዮ የሚያዳምጡ፣ ጋዜጣ የሚያነቡና ሌሎች የሚያማክሯቸው ሰዎች ነበሩ። ላዛርስፌልድ የሐሳብ መሪዎች አላቸው። ሐሳብ በመጀመሪያ ከብዙኃን መገናኛ ወደ እነሱ ይደርሳል፤ ከእነሱ ደግሞ ወደ ሌላው ይወርዳል። የሁለት እርከን ፍሰት የሚባለው ንድፈ ሐሳብ ይህ ነው። በእኛ አገር ነጋሪት ሲጎሰም አዋጅ ነጋሪው የሰማ ላልሰማ እንዲያሰማ ያዝዝ ነበርና፣ ነገሩ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። የአውሮፓና የአሜሪካ ምሁራን ግን የከተማ ሰው ብቻውን ቆሞ መልእክት የሚቀበል ብናኝ ነው ብለው ያምኑ በነበረበት ወቅት፣ ይህ ግኝት አነጋጋሪ ሆነ።

ኮቱን ሳያወልቅ የተወሰደው እንግዳ

ላዛርስፌልድ በ1941 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ መምህር ሆኖ ተሾመ። ትምህርት ክፍሉ ለንድፈ ሐሳብና ለጥናት ዘዴ በሚያደሉ ምሁራን ተከፋፍሎ ስለነበር ለሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ቀጠረ። በንድፈ ሐሳቡ በኩል የገባው ሮበርት መርተን ነው። ሁለቱ ወራት አብረው ሠርተውም አልተቀራረቡም ነበር። በኅዳር ወር ላዛርስፌልድ መርተንንና ባለቤቱን እራት ጋበዛቸው። እንግዶቹ ሲደርሱ ግን ከመንግሥት አስቸኳይ ሥራ መጥቶ ኖሮ፣ መርተን ኮቱን እንኳን ሳያወልቅ ወደ ሬዲዮ ስቱዲዮ ተወሰደ፤ ሚስቶቹ ለብቻቸው እራት በሉ።

መርተን በስቱዲዮው ውስጥ አድማጮች ቀዩንና አረንጓዴውን ቁልፍ ሲጫኑ፣ ከዚያም ለምን እንደተጫኑ ሲጠየቁ ተመለከተ። የአጠያየቁን ድክመት በማስታወሻ እየጻፈ ለላዛርስፌልድ አቀበለው። ላዛርስፌልድም ሳይቀየም ቀጣዩን ቡድን አንተው ጠይቅ ብሎ አስገባው። ዛሬ በገበያ ጥናትም በልማት ድርጅቶችም ዘንድ የተለመደው ፎከስ ግሩፕ ከዚያ ምሽት ሥራ ጋር የሥር ዝምድና አለው። የሁለቱም ጓደኝነት ላዛርስፌልድ እስኪሞት ዘለቀ። በ1944 ቢሯቸው የተግባራዊ ማኅበራዊ ጥናት ቢሮ የሚል ስም ይዞ፣ ለብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች አርአያ የሆነ የምርምር ተቋም ሆነ።

ማን ይክፈል?

የኤሪው ግኝት በአጋጣሚ የተገኘ ስለነበር በቅጡ መጠናት ነበረበት። ገንዘቡን ያወጣው ማክፋደን የተባለ የመጽሔት አሳታሚ ነው። አንባቢዎቹ በየሰፈራቸው ተሰሚነት እንዳላቸው ቢረጋገጥለት ለማስታወቂያ ንግዱ ይበጀዋል። በ1945 በኢሊኖይ ግዛት ዲኬተር ከተማ 800 ያህል ሴቶች ስለ ገበያ፣ ስለ ፋሽን፣ ስለ ፊልምና ስለ ሕዝብ ጉዳይ ማንን እንደሚያማክሩ ተጠየቁ። የተጠቀሱት አማካሪዎችም ራሳቸው ተፈልገው ተጠየቁ። በገበያ ጉዳይ የምትደመጠው ልጆች ያሳደገች የቤት እመቤት፣ በፋሽን ደግሞ ወጣቷ ሆነች። የሐሳብ መሪ የግድ ባለ ሀብት ወይም ባለ ሥልጣን አይደለም፤ በየኑሮ ደረጃው አለ።

የመስክ ሥራውን የመራው ወጣቱ ሲ. ራይት ሚልስ ከላዛርስፌልድ ጋር ተጣልቶ ወጣ። በ1959 ባሳተመው ታዋቂ መጽሐፉም ይህን ዓይነቱን ጥናት ቁጥር እየለቀመ የሥልጣንን ጥያቄ የሚዘል ብሎ ክፉኛ ተቸው። የዲኬተሩ መጽሐፍ የተጠናቀቀው በኤሊሁ ካትዝ ተሳትፎ ሲሆን፣ በ1955 ለኅትመት በቃ። በ1978 ደግሞ ቶድ ጊትሊን ትችቱን አጠናከረው። የብዙኃን መገናኛ ተጽዕኖ ውስን ነው የሚለው ድምዳሜ የመጣው፣ ተጽዕኖ የተባለው በጥቂት ወራት ውስጥ የሚታይ የሐሳብ ለውጥ ብቻ ስለሆነ ነው አለ። ጣቢያዎቹን ማን እንደያዘ፣ ምን እንደማይነገር፣ ሰው ለዓመታት ሲሰማ የሚለምደው ነገር ምን እንደሆነ በወርኃዊ መጠይቅ አይያዝም። ከዚያ በፊት በ1972 ማክስዌል ማኮምብስና ዶናልድ ሾው፣ መገናኛ ብዙኃን ሰውን ምን ማሰብ እንዳለበት ባያዝዙትም ስለ ምን እንደሚያስብ ግን አጀንዳ እንደሚሰጡት አሳይተው ነበር።

ትችቱ ሚዛን ይደፋል። ነገር ግን የተተቸው ሰው ጉዳዩን አያውቀውም ነበር ማለት አይቻልም። በ1948 ላዛርስፌልድና መርተን አብረው በጻፉት ጽሑፍ፣ ዜና በብዛት የሚከታተል ዜጋ ማወቁን እንደ ማድረግ ቆጥሮ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። የንግድ መገናኛ ብዙኃን ትልቁ ተጽዕኖ ከሚናገሩት ይልቅ ከሚተውት እንደሚመጣም አንሥተዋል። ይህን የጻፈው በማሪየንታል ዝም ያለ ሕዝብ ያየው ያው ሰው ነው። የማካርቲ ዘመን የአሜሪካን ምሁራን ባስጨነቀ ጊዜም በ1955 ከ2,400 በላይ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ተጠይቀው ፍርሃታቸው እንዲመዘን ያደረገው ጥናት የእሱ ነው። በመርማሪ ፊት መናገር አደገኛ በሆነበት ወቅት፣ ፍርሃትን በቁጥር መዝግቦ ማስቀረቱ ራሱ ምስክርነት ነበር።

ላዛርስፌልድ ያሆዳን ከፈታ በኋላ ሔርታ ሔርዞግን፣ በኋላም ፓትሪሺያ ኬንዳልን አግብቷል። ሦስቱም በራሳቸው የቆሙ ተመራማሪዎች ናቸው። በተለይ ሔርዞግ ሴቶች ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ለምን እንደሚያዳምጡ በማጥናት፣ መገናኛ ብዙኃን ሰውን ምን ያደርጉታል ከማለት ይልቅ ሰው በእነሱ ምን ያደርግባቸዋል ለሚለው የጥናት አቅጣጫ በር ከፍታለች። ላዛርስፌልድ በ1962 የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። ከኮሎምቢያ በጡረታ ከተገለለ በኋላም በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ቆይቶ በነሐሴ 1976 በኒው ዮርክ በ75 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ ምርጫ በተካሄደ ቁጥር ተሸናፊው ወገን ስልኩንና ማኅበራዊ ድረ ገጹን ይወቅሳል፤ በ1940 ሬዲዮ ይወቀስ እንደነበረው ማለት ነው። በመቶ ሺዎች የሚከተሉትን ሰው ገንዘብ ከፍሎ ዕቃ የሚያስተዋውቅ ነጋዴም፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የዲኬተሩን ሐሳብ ነው የሚሸምተው። የላዛርስፌልድ መልሶች ከዘመናቸው ጋር አርጅተው ይሆናል። ዘዴው ግን አሁንም ያስፈልጋል። ሕዝቡ ተታለለ ወይም ሕዝቡ ነቃ ብሎ ከመፍረድ በፊት ያንኑ ሰው በሚቀጥለው ወር በሩን አንኳኩቶ እንደገና መጠየቅ፣ ከሬዲዮው ሌላ ማንን እንደሰማም መጠየቅ ነው። ለጥያቄው ገንዘብ ያወጣው ማን እንደሆነ መጠየቁ ደግሞ፣ ከእሱ ይልቅ ተቺዎቹ ያቆዩልን ትምህርት ነው።